ከሰማይ የታየው የዙቤይዳ ቡና

ከሊሙ ገነት ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደውን የኮረኮንች መንገድ የያዘ ሰው፣ ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት በስተቀኙ የዙቤይዳ አባ ፊጣን ቡና ያልፋል። ያልፍ ነበር ማለት ይሻላል። ያኔ ከመንገዱ ሆኖ ለሚያይ ቡናው አይታይም ነበር። የሚታየው ሰሳና ብርብራው ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተቆላልፎ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀትር ላይ እንኳ የማይገፈፍ ድንግዝግዝ ነው። ከጅማ የመጣ እንግዳ ባጃጁን አስቁሞ፣ «ይሄ ጫካ የመንግሥት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ዙቤይዳ ከአጥሯ ብቅ ትልና፣ «ጫካ አይደለም፣ ቡና ነው። ወገብህን ካላመመህ ጎንበስ በልና እይ» ትለዋለች።

ምላሷ እንዲህ ነው። ባሏ ሙሀጅር በሕይወት ሳለ ዝምተኛ ስለነበር፣ ሰው ለምን እንደማይናገር ሲጠይቀው፣ «እሷ ለሁለታችንም ትናገራለች» እያለ ይስቅ ነበር። ያን ማሳ ሁለቱ ናቸው ያቀኑት። ችግኙን እሷ በቅርጫት ተሸክማ፣ ጉድጓዱን እሱ እየቆፈረ፣ ለጥላ የሚሆነውን ዛፍ እየተከራከሩ እየተከሉ። ሙሀጅር በጉበት በሽታ ሲሞት ወንድሞቹ ሐዘኑ እንኳ ሳይወጣ መሬቱን ሊካፈሉ መጡ። ዙቤይዳ ገጀራዋን ይዛ ከአጥሩ በር ላይ ቆመች። ከጎኗ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሙሀጅር ጓደኛ፣ የገበሬዎቹ የቡና ማኅበር ሊቀመንበር ሸኩር። ሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ፣ «ይህ ቡና የእጇ ሥራ ነው፤ ከእጇ የሚወስደው ካለ መጀመሪያ እኔን ይውሰደኝ» አለ። ወንድሞቹ ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙቤይዳ በሰው ሁሉ ላይ የምትስለውን ምላስ ሸኩር ፊት ስትደርስ ታጥፈዋለች።

እንግዲህ ቡናም እንደ ሰው ያረጃል። እነዚያ ሁለቱ የተከሏቸው ዛፎች ግንዳቸው ወፍሮ፣ ቁመታቸው ረዝሞ፣ ፍሬያቸው እየሳሳ ሄደ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ዳባ መጥቶ አየና፣ «ይጎንደል» አለ። መጎንደል ማለት ያረጀውን ቡና ከጉልበት በታች ቆርጦ ከጉቶው አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። «ግን በአንዴ አይሆንም፤ ለሦስት ከፍለሽ በየዓመቱ አንዱን» አላት። እሷም እሺ አለች።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ባል የሌላት ሴት ብቻዋን ማሳ አትጎነድልም፤ ሰፈሩ ደቦ ወጣላት። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በየካቲት፣ ሰማዩ ያለ ደመና እንደ መስተዋት በጠራበት ሰሞን፣ ወንዶቹ መጋዝና ገጀራቸውን ይዘው እየዘፈኑ መጡ። እሷ በግ አሳርዳ፣ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ስታበስል አረፈደች። ፀሐይ ራስ ላይ ሳትወጣ የመጀመሪያው ሲሶ አለቀ። ሸኩር ላቡን እየጠረገ መጣ።

«አዴ ዙቤይዳ፣ ይሄ ሁሉ ጉልበት መጥቶ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሊመለስ ነው? ለከርሞ ማን እንዳለ ማን ያውቃል። እንጨርሰው።»

«ዳባ ለሦስት ክፈይው ብሎኛል፣ ኦቦ ሸኩር።»

«ዳባ ደሞዝተኛ ነው። ደቦ አይጠራም።»

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጉ ሳይበላ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ፣ «በቃኝ፣ ሂዱልኝ» የሚል ሰው በሊሙ አልተወለደም። ለሷ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። «ኤጋ፣ እንዳላችሁ» አለች። እስኪመሽ ሁሉም ተጎነደለ። የጥላውም ዛፍ ለአዲሱ ቁጥቋጦ ብርሃን እንዲያስገባ ቅርንጫፉ ተመለመለ። ከመሀል የቆመው ትልቁ ዋንዛ ደግሞ በፈቃድ ተገነደሰ፤ መስጊዱ በር አልነበረውምና ሙሀጅር ሊሞት ሲል ዋንዛውን ለበሩ ተናዞለት ነበር። ማታ ላይ ማሳው ራሱን የተላጨ ሰው መሰለ። ዙቤይዳ ግን ቡና እንደሚመለስ ታውቃለች።

ተመለሰም። ሁለት ዓመት ያለ ምርት ጎደሬ እየሸጠች ኖረች። ልጇ ከውሰር ጅማ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ የምታገኘውን ታካፍላታለች። ጉቶው አቆጠቆጠ፣ ሰሳው ቅርንጫፉን መልሶ ዘረጋ፣ ድንግዝግዙም ወደ ቦታው ተመለሰ። በሦስተኛው ዓመት አበባው እንደ አዲስ ሙሽራ ሲፈነዳ፣ «አልሀምዱሊላህ፣ አሁን ይቺ ማሳ እኔንም ከውሰርንም ትቀብራለች» አለች።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ሸኩር ከፊት ቆሞ አንድ ከወገቡ ቀጠን ያለ፣ ትልቅ ስልክ በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት አስተዋወቀ። ፍሬሰላም ይባላል። ከሰሜን መጥቶ ጅማ ተምሮ እዚያው የቀረ፣ አሁን እየዞረ ማሳ የሚለካ ነው።

«ፈረንጆቹ አዲስ ሕግ አውጥተዋል» አለ ሸኩር። «ከእንግዲህ ቡና አገራቸው የሚገባው የበቀለበት መሬት በካርታ ሲታወቅ ነው። እነሱ ከቆረጡት ቀን ወዲህ ደን የተመነጠረበት መሬት ከሆነ ግን ቡናው ድንበራቸውን አያልፍም።»

«ማን ያይብናል?» አለ አንዱ።

«ሳተላይት።»

«ድሮን በለን እንጂ!»

«ድሮን አይደለም። ይሄ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሣው።»

«ፎቶ ከሆነማ ሚስቴ ልብሷን ለውጣ ማሳ ትውረድ!»

ሰው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቀም። «ልጄ፣ የነሱ ጫካ የት ሄዶ ነው የኛን የሚጠብቁት?» ሲል ፍሬሰላምን ጠየቀው።

«እነሱ ድሮ ጨርሰውታል፣ አባቴ።»

«ሲጨርሱት ማን ፎቶ አነሣቸው?»

 በዚያ ስብሰባ ከሁሉ በላይ የሳቀችው ዙቤይዳ ነበረች። ምን ያስፈራታል? ከሷ ማሳ የበለጠ ጥላ ያለው ማን አለ?

በማግስቱ ፍሬሰላም የሷን ማሳ ሊለካ መጣ። ሥራው ስልኩን ይዞ ድንበሩን መዞርና በየማዕዘኑ መቆም ነው፤ ስልኩ ከሳተላይቱ ጋር ተነጋግሮ ያለበትን ነጥብ ይይዛል። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆመ፣ ስልኩን ወደ ላይ አነሣ፣ አወዛወዘው፣ ተቁነጠነጠ።

«አይዝም» አለ።

«ምኑ?»

«ሳተላይቱ፣ እናቴ። ጥላው በዛበት። ቅጠሉ ከለከለው።»

ዙቤይዳ በደስታ ጭኗን መታች። «አየህ! የኔ ቡና ከሰማይ እንኳ አይታይም! ሂድና ለፈረንጆቹ እንዲህ ብለህ ንገራቸው።»

በየማዕዘኑ ቆመው ጠበቁ። የተጠበሰ በቆሎ እሸት አመጣችለት፤ እየጋጠ ወደ ላይ ያያል። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ፈልቀቅ ይልና ስልኩ ብልጭ ብሎ ይይዛል፣ መልሶ ይጠፋል። ለሌሎቹ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚበቃው ሥራ እሷ ጋ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሲሄድ፣ «እንዲህ ያስቸገረኝ ማሳ የለም» አላት። በሕይወቷ ከሰማቻቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይሄ ደስ አላት።

ጥቅምት ገባ፣ ለቀማ ተጀመረ። ዙቤይዳ እሸት ቡናዋን በአህያ ጭና ወደ ማኅበሩ ማጠቢያ ወረደች። ተራዋ ደረሰ። ሚዛን ላይ ያለው ሰው ስሟን ታብሌቱ ላይ ጻፈ፤ ቀና ብሎ አያት፤ እንደገና ጻፈ።

«አዴ፣ የእርስዎ ቀይ ነው የሚለው።»

«የበሰለ እሸት ነዋ! አረንጓዴ ለቅሜ ላምጣልህ?»

ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ማሳዎ ነው። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ የእርስዎ ማሳ ቀይ ነው። ደን የተመነጠረበት ይላል። መቀበል አልችልም።»

 እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ በዕለቱ ካልታጠበ ይበላሻል። ዙቤይዳ ቡናዋን መልሳ ጭና ሽቅብ ወጣች፤ ደጇ ላይ ዘርግታ ከነቅርፊቱ እንደ ጀንፈል ልታደርቀው። 

ፍሬሰላም ሲጠራ መጣ። አልሸሸም፤ ይሄን ይመሰክሩለታል። ስልኩን ከፍቶ ሁለት ፎቶ አሳያት። አንደኛው ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሁለተኛው መሬቱ የገረጣ። በሁለተኛው መሀል ላይ የዋንዛው ጉድጓድ እንደ ቁስል ይታያል።

«ይሄ መቼ ነው?» አለች።

«የካቲት። ከሦስት ዓመት በፊት።»

ዙቤይዳ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ደቦው ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች እየዘፈኑ ሳለ፣ እሷ ወጥ ስታማስል፣ ከላይ አንድ ነገር አልፏል።

«የተቆረጠው እኮ ቡናው ነው። ተጎንድሎ ነው። ቡና ጉንደላ አያውቁም?»

«ለማሽኑ ቡናም ዛፍ ነው፣ እናቴ። ዛፍ ነበረ፣ ዛፍ ጠፋ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢሆን ኖሮ ላይታወቀው ይችል ነበር። በአንድ ቀን ሲሆን ግን...»

«አሁን ያለውስ? አንተ አይደለህም እንዴ በጥላው የተነሣ ቀኑን ሙሉ የቆምከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ምን አልካቸው?»

«የምልበት ቦታ የለውም። እኔ ነጥቡን ነው የምልከው፤ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው።»

«እሱ ማነው?»



ከውሰር ከጅማ መጣች። ማሳውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣች፣ ጉቶውን፣ ቁጥቋጦውን፣ ሰሳውን። ከፍሬሰላም ጋር ሆና ቅሬታ በእንግሊዝኛ ጻፈችና ላከች። ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ መልስ መጣ።

«ምን ይላል?» አለች ዙቤይዳ።

«‹ማስረጃዎ ተመርምሯል። ውጤቱ አልተለወጠም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን› ይላል፣ ኡሚ።»

«መቼ አነበበው?»

«ሰው አይመስለኝም። ማሽን ነው።»

«ደውይለታ።»

«ስልክ የለውም፣ ኡሚ።»

«ስልክ የሌለው ነገር ነው የኔን ቡና ከኔ በላይ የሚያውቀው?»

ከውሰር እናቷን አቅፋ ተቀመጠች፣ አመሻሽ ላይም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ አባላቱ በመስጊዱ ግቢ ተሰበሰቡ። ሸኩር ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተናገረ። የማኅበሩን ቡና የሚገዛው ነጋዴ መልእክት ልኮ ነበር። ከዚህ ማኅበር በሚወጣው ጭነት ውስጥ አንድ ቀይ ማሳ ከተገኘ፣ ጭነቱ በሙሉ ከወደብ ይመለሳል። ማጠቢያው የሁሉንም ቡና አንድ ላይ ነው የሚያጥበው። ስለዚህ ቀይ ማሳ ያለው አባል በስም መዝገቡ ላይ እንኳ ባይኖር ይመረጣል።

«አዴ ዙቤይዳ፣ ለጊዜው ነው። ስምሽን ለጊዜው ብናወጣው...»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?»

«እስኪስተካከል።»

«እሱ አንዴ ቀይ ካለ ወደ ኋላ አይልም ብሎኛል ፍሬሰላም። ድሮ ያለፈ የካቲት ነዋ የሚስተካከለው! የካቲትን የሚያስተካክል አላህ ብቻ ነው።» ዞር ብላ ሰዉን አየች። «እዚያ ደቦ ላይ ያልነበረ ከናንተ ማን አለ? ኦቦ ሸኩር፣ ‹እንጨርሰው› ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይንገሩልኛ።»

«ለማን ልንገር?» አለ ሸኩር። «ያለበትን ካወቅሽ በእግሬ እሄድልሻለሁ። እዚህ ልጆች አሉ፣ ዙቤይዳ። የሁሉም ጉሮሮ እዚህ ጭነት ላይ ነው።»

ልክ ነበር፤ ይሄ ነው የከፋው። ሸኩር ክፉ አልነበረም። የሚሰደብ ሰው ቢገኝ የዙቤይዳ ምላስ ሥራ ያገኝ ነበር።

«ይውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ተባለ። እጁን ቀጥ አድርጎ ያወጣ የለም። ጆሮውን እንደሚያክ ሰው፣ ማንም እንዳያየው፣ ሁሉም እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ አነሣ። ቡናዋን የጎነደሉት እነዚያው እጆች ናቸው። ዙቤይዳ ተነሥታ ወጣች። በመስጊዱ በር በኩል ስታልፍ መዳፏን በሩ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመች። ዋንዛው ለስልሶ፣ በዘይት ወዝቶ፣ ያምር ነበር።

ጀንፈሏን ጅማ ወስዳ መርካቶ ሸጠች። ነጋዴው፣ «ካርታ አለው?» አላት፤ የለውም ስትለው ፊቱን አዙሮ ዋጋውን ሰበረው። ቢሆንም ያን ዓመት ማሳዋን አረመች፣ አጽድታ ጠበቀች። ሰው ቢጠይቃት፣ «ይመለሳሉ» ትላለች። ማን እንደሚመለስ አትናገርም።

ተስፋዋን የቆረጠው ገበያው አይደለም። በሚቀጥለው ለቀማ ሰፈሩ ለሸኩር ደቦ ወጣ። ዙቤይዳ ማልዳ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ከቤቷ ወጣች፤ የሸኩርን ቡና ሳትለቅም ያለፈችበት ዓመት የለም። አጥሩ ጋ የሸኩር ሚስት ሀጂራ ጠበቀቻት። እጇን ያዘቻት፣ ቅርጫቱን አየችው።

«እህቴ፣ ማሎ አትቀየሚኝ። ዛሬ ግቢ፣ አረፍ በይ። ሥራውን ለነሱ ተዪላቸው።»

«ምን ሆኜ ነው የማርፈው? አልታመምኩ።»

ሀጂራ እንባዋ መጣ። «ቅርጫቱ ነው። ከሥሩ የአንቺ ቡና አንዲት ፍሬ ተጣብቃ ብትገኝስ እያሉ ነው።»

ዙቤይዳ ቅርጫቱን ገልብጣ ደፋችው። ከውስጡ አንድ የደረቀ ቅጠል ወደቀ። ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ተመለሰች።

ጥር ላይ የጫት ነጋዴው ሰሚር ከጅማ በፒክአፕ መጣ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶ በምላሷ ገርፋ መልሳው ነበር። በዚህኛው ጊዜ አስቀመጠችው።

«ጫት ካርታ ይጠየቃል?» አለችው።

ሰሚር ሳቀ። «ጫት ጠዋት ተቆርጦ ማታ ያልቃል፣ እናቴ። ማን ካርታ ያነባል? ብቻ ጥላ አይወድም። ይሄ ሁሉ ዛፍ ይነሣል።»

«ይነሣ።»

ደቦ አልጠራችም፤ የሚመጣ የለም። ሰሚር ባለ ሞተር መጋዝ ሰዎች ይዞ መጣ። ድምፁ እስከ መስጊዱ ተሰማ። ሸኩር ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲደርስ ሁለተኛው ሰሳ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ወፎቹ ከላይ እየዞሩ ይጮሃሉ።

«አዴ ዙቤይዳ! ይሄን ጥላ? ሙሀጅር የተከለውን?»

«የምን ጥላ? ጥላ የለም ተብሎ እኮ እጅዎን አውጥተዋል።»

«ከሰማይ ይታያል! አጠገብሽ ያለው ማሳ የኔ ነው፣ ድንበሩ ቢደባለቅብኝስ?»

«እኔ አባል አይደለሁም፣ ኦቦ ሸኩር። አባሎችዎን ይጠብቁ።»

ያን ሁሉ ዓመት አጥፋ ያስቀመጠችውን ምላስ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የዘረጋችበት። ሸኩር ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከቀበሌ የመጣው ሰው ደግሞ ዛፍ መቁረጥ ቅጣት እንዳለው ሲያስጠነቅቃት፣ «አንዴ የተቀጣሁበትን ነው የሠራሁት፤ ቅጣቱ ቀድሞ ተከፍሏል» አለችው። እሱም ምን እንደሚጽፍ ጠፍቶት ሄደ። ቡናው በመጨረሻ ከነሥሩ ተነቀለ። እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ወንዝ ወርዳ ታጥብ ነበር ይላሉ። የሚታጠብ ልብስ ግን አልያዘችም።

ሚያዝያ ላይ ፍሬሰላም የሸኩርን ማሳ ድንበር ዳግም ሊለካ መጣ። የጋራ ድንበራቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። አገሩ ጠፋበት። ከፊቱ ቀይ አፈር ነው፤ በላዩ በመደዳ የተተከሉ ጣት የማይሞሉ የጫት ችግኞች፤ ከዚያ ወዲያ ጠራራ። ዙቤይዳ ከመደዳው መሀል ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። ጋቢዋን ከፀሐዩ ራሷ ላይ ጣል አድርጋዋለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አለ።

«ና፣ ና። አሁንማ አላስቸግርህም።»

እውነቷን ነው። ስልኩን ገና ከአንገቱ ሲያወርድ ሳተላይቱን ያዘ። ነጥቡ አልተወዛወዘም፣ አልጠፋም።

«እስቲ ቀለሜን አሳየኝ» አለችው።

ስልኩን አዞረላት። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ምንም አይታይም። ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው፤ የሚጠለልበት ዛፍ በዓይኑ ፈለገ። የለም። ዙቤይዳ መኮትኮቻዋን ጣለች፤ ጋቢዋን ከራሷ ላይ አንሥታ በሁለት እጇ ዘረጋችና በሱና በስልኩ ላይ እንደ ዳስ ያዘችው።

«አሁንስ?»

«አሁን ይታያል።»

«ምንድነው?»

«ቀይ ነው፣ እናቴ።»

«ልክ ነው» አለች። «አሁን አልዋሸም።»

ፍሬሰላም የሸኩርን ድንበር ስልኩ ላይ መዝግቦ እስኪጨርስ እዚያው ጋቢው ሥር ቆመ። እሷም ፀሐዩ ባዶ ራሷን እያቃጠላት፣ ክንዶቿ እስኪዝሉ ድረስ፣ ጋቢውን አላወረደችም።